ጣሪያው በተደረመሰ ቀን የተጋገረው ዳቦ

ለምወድህ ወንድሜ ለሮስኮ፣

እንደምን ሰንብተሃል? አንተስ፣ ፍሎራስ፣ ሕፃኑስ እንዴት ናችሁ? በፋብሪካው ማሽን የተቆረጠው ጣትህ ዳነልህ ወይ? ፍሎራ የጀመራት ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ይዟታል? ቤቱ ይቀዘቅዛል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ አከራያችሁ ምድጃውን አሠራላችሁ? በዚህ ብርድ ሕፃን ይዞ መክረም እንዴት እንደሚከብድ ስለማውቅ ሐሳቤ ከእናንተ አይለይም። እኛ የተረፍነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እማማ ቆማ ትሄዳለች፤ በላች ለማለት ባልደፍርም አንድ ሁለት ጉርሻ ወደ አፏ ትላለች። የባለቤቴ የኸርሸል ጉልበት አብጦ ነበር፣ አሁን ጎድሎለታል። ልጃችን ጁን ደህና ናት። በየማለዳው አያቴ የት ሄደ ትላለች፤ እኛም በየማለዳው እንነግራታለን።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። እየተናደድክ እንደጻፍከው ከእጅ ጽሕፈትህ ያስታውቃል። አክስታችን ሉላ እዚያ ዲትሮይት ላለው ለልጇ ለኤቨረት ነግራው፣ ኤቨረት ደግሞ ለአንተ «አባትህ ተራራ ሥር ሆኖ ነፍሱ ስትጨነቅ እናትህ ቤቷ ገብታ የበዓል ዳቦ ትጋግር ነበር» ብሎህ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። እውነት ከሆነ ፊቷን ማየት አልፈልግም የሚልም ጨመርክበት። ሮስኮ፣ እውነት ነው። ጋግራለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ ሊጡን ስቆርጥ ነበር። ኤቨረት ግን እዚህ አልነበረም፣ አንተም አልነበርክም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን እስክጨርስልህ ድረስ ንዴትህን ያዝ አድርገህ አንብበው።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ፣ የምስጋና ቀን ዋዜማ ነው። እማማ በዋዜማው እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ፤ ማንንም ወደ ምድጃዋ አታስጠጋም። ማለዳ ተነስታ ወተቱን ለብ አድርጋ፣ ድንቹን ቀቅላ ፈጭታ፣ ቅቤና ስኳሩን ጨምራ አቡክታው ነበር። አባባ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ከሊጡ ቆንጠር አድርጎ ወደ አፉ ወረወረ። እሷም በእንጨት ማንኪያው እጁን መታችው። ሆድህን ይነፋሃል ስትለው፣ እንግዲያው ነገ እኔም ኩፍ ብዬ ገበታው ላይ እቀርባለሁ ብሏት ወጣ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። ያን ያህል ዘመን አብሮ የኖረ ሰው ጠዋት ሲለያይ ምን ይባባላል?

እኔ ረፋዱ ላይ ጁንን ይዤ ለእማማ ስኳር ድንች ልልጥላት መጣሁ። ቤቱ ሞቆ፣ የእርሾ ሽታ ሞልቶት ነበር። የከሰል ማዕድኑ ጡሩምባ ሲጮህ የሥራ መውጫ ሰዓት አልነበረም። እማማ ሊጡን ትልቁ ሳህን ውስጥ እያስቀመጠች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም። ሳህኑን ንጹሕ ጨርቅ አለበሰችው፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ካፖርቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ጁንን ለጎረቤት ሰጥቼ ተከተልኳት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሴቶች ከየቤታቸው እየወጡ ይቀላቀሉን ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ነገሩ ታወቀ። ጣሪያው ተደርምሶ ሦስት ሰዎች ከናዳው ወዲያ ቀርተዋል፦ አባባ፣ ጎረቤታችን አንድራስ ኮቫችና ባለፈው በጋ ያገባው ዊላርድ። ሌሎቹ ከናዳው ወዲህ ስለነበሩ ወጥተዋል። አብሯቸው ይሠራ የነበረውን ኸርሸልን በሕይወት ሳየው ስሙን ጠራሁ፤ ወዲያው ደግሞ አካፋ ይዞ ተመልሶ ሲገባ አየሁት። የሚቆፍሩት በተራ ነበር። ዋሻው ስለጠበበ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቀሩት ወጥተው ያርፋሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ።

እኛ ሠራተኞቹ መብራታቸውን የሚረከቡበት ክፍል ውስጥ እንድንጠብቅ ተደረገ። አክስታችን ሉላ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለች ደረቷን ትደቃ ነበር። አልፈርድባትም፣ ወንድሟ ነው። የኮቫች ሚስት ኢሎና መቁጠሪያዋን ይዛ በሀገሯ ቋንቋ ታንሾካሹካለች። የዊላርድ ሚስት ከበሩ አልነቃነቅ ብላለች። እማማ መስኮቱ ጋ ቆማ ከዋሻው የሚወጡትን ሰዎች ታያለች። እንባ የለ፣ ጸሎት የለ።

ከሰዓት በኋላ ዊላርድን በቃሬዛ አወጡት። ትከሻው ተሰብሯል እንጂ ነፍሱ አለች። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ሲያንኳኳ መስማቱን ተናገረ። ያኔ ሰው ሁሉ ነፍስ ዘራ፤ ቆፋሪዎቹም በረቱ። ግን ሰዎቹ ደክመዋል። ከማለዳው ወዲህ እህል አልቀመሱም፤ የምሳ ዕቃቸው ከናዳው ወዲያ ቀርቷል። የኩባንያው ሱቅ ዝግ ነበር፣ ኃላፊው ቁልፉን ይዞ ለበዓሉ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። የነበረው ቡና አልቆ ነበር። ኸርሸል ተራው ደርሶ ሲወጣ ግድግዳውን ተደግፎ አስመለሰ፤ ከሆዱ የወጣው ጥቁር ውሃ ብቻ ነበር። የተሰጠውን ኩባያ መያዝ አቃተው። እማማ ይህን ከመስኮቱ አየች። ወደ እኔ ዞር አለችና «ሊጡ ደርሷል፤ ነይ» አለችኝ።

ሉላ ሰምታ ብድግ አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ «ባልሽ ከተራራ ሥር ሆኖ አንቺ ዳቦ ልትጋግሪ ነው?» አለቻት። ኤቨረት የነገረህ እዚህ ድረስ ያለውን ነው። እማማ የመለሰችላትን ግን አልነገረህም። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሉላ፣ እኔ እዚህ በመቆሜ አንድ ድንጋይ አይነሳም። የሚያነሱት ሰዎች ርቧቸዋል» አለቻትና ወጣች።

ቤት ስንገባ ሊጡ ጨርቁን ገፍቶ፣ ከሳህኑ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ነበር። እማማ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ በጡጫዋ መልሳ ደፈቀችው። እኔ መቸኮሌን አትጠይቀኝ። እንዲሁ በትልቁ እንጋግረውና ቆራርሰን እንስጣቸው አልኳት። እምቢ አለች። እጃቸው በከሰል የጠቆረ ነው፣ ቢላ የላቸውም፣ ቁጭ ብለው የሚቆርሱበት ጊዜም የላቸውም፤ አንዱ ለአንድ እጅ የሚሆን ይሁን አለችኝ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ በመዳፌ አድበልብዬ ቅቤ በተቀባው መጋገሪያ ላይ ጎን ለጎን እደረድራለሁ። እጇ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ አንዱም ከሌላው አልበለጠም፣ አንዱም አላነሰም።

ከዚያ እንደገና ኩፍ እስኪል መጠበቅ መጣ። ሮስኮ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ ጊዜ የለም። አሁኑኑ ምድጃ ይግባ ብዬ ጮኽኩባት፤ እናቴ ላይ ስጮኽ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን «ካልጠበቅነው ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ በቅቷቸዋል» አለችኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች። አባባ ጠዋት የሱፍ ካናቴራውን ለብሶ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሲወጣ እኔ አልነበርኩም። ለብሷል አልኳት። «ወለሉ ውሃ ያዘለ ነው፣ ይበርደዋል» አለች፤ ያን ጊዜ አገጯ ተንቀጠቀጠ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ስትሆን ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ተነስታ ሊጡን በጣቷ ጫን አድርጋ አየችውና ምድጃውን ከፈተች።

ትኩሱን ዳቦ የቀለጠ ቅቤ ቀብታ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሞላችው፤ ከአልጋዋ ላይ ብርድ ልብሷን አንስታ ሸፈነችው። ሁለታችን ጎንና ጎን ይዘን ወረድን። ቆፋሪዎቹ ሲያዩን መጀመሪያ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ከእሷ እጅ ለመቀበል አፍረው ነበር መሰለኝ። እሷ ግን በየእጃቸው አኖረችላቸው። ብሉ፣ ሌላም አለ እያለች ዞረች። በየተራቸው በልተው ገቡ። ኸርሸል አንዱን በላና አንዱን ሸሚዙ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ሸጎጠው። በኋላ ሊበላው መስሎኝ ነበር። ኢሎና ኮቫች የተሰጣትን አልቀመሰችውም፣ እስኪቀዘቅዝ በሁለት እጇ ይዛው ቆየች። ሉላም ከበሩ ጀርባ ሆና እያለቀሰች ስትበላ አይቻታለሁ። ይህን ለኤቨረት አትንገረው፤ አንተ ግን እወቀው።

እማማ ለሁለተኛ ጊዜ ልትጋግር ወደ ቤት ስትል ሴቶቹ ዱቄት፣ ወተት፣ ያላቸውን ይዘው ተከተሏት። የሉላን ንግግር የሰሙት እነዚያው ሴቶች ናቸው። ያን ማታ በዚህ ሰፈር በየቤቱ ምድጃ ዳቦ ነበር።

ልክ ሲመሽ፣ ሁለተኛውን ዳቦ ይዘን ዋሻው አፍ ላይ ሳለን፣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ድም አለ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው ከታች በሩን የዘጋ ያህል ነው። ከዚያ ከዋሻው አፍ ትቢያ ወጣ። ሰዎቹ እየተሳቡ፣ እየወደቁ ወጡ። ኸርሸል የመጨረሻው ነበር። ፊቱን አይቼ ነገሩ ገባኝ። እማማ ዱቄት የነካ እጇን ዘርግታ ከመሬት አነሳችው።

አባባንና ኮቫችን ያወጧቸው በማግስቱ፣ በራሱ በምስጋና ቀን ነው። ያን ቀን በሰፈሩ ገበታ የዘረጋ ቤት የለም። ያረድነው ዶሮ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እማማና ኢሎና ባሎቻቸውን ጎን ለጎን በሆኑ ጠረጴዛዎች ላይ አጠቡ። አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በረዶው መጣ፤ እንዲያ ያለ በረዶ አዛውንቶቹም አላየንም ይላሉ። ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ወንዶቹ በአካፋ እየጠረጉ፣ ሳጥኖቹን በበረዶ መንሸራተቻ እየጎተትን ቀበርናቸው። ሰባኪው የተናገረውን ነፋሱ ወሰደው፣ አንድ ቃል አልሰማንም። አንተ ኦሃዮ ላይ አውቶቡሱ በረዶ ውስጥ ቀርቶ መመለስህን እናውቃለን። ማንም ቀረ ብሎ የሚያማህ የለም፤ በዚህ ራስህን አታሠቃይ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገርህ፤ ይህን ሉላም አታውቀውም። ኸርሸል ከቀብሩ በኋላ ቃል አልተናገረም። ምግብ ሲቀርብለት ይነሳና ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ታሟል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን እማማ ካልሲ ስትጠግን ከፊቷ ተቀመጠና፣ እማማ ኮርዲ፣ የምነግርዎት አለኝ አላት።

ናዳውን ቆፍረው ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አግኝተው ነበር። ኸርሸል በሆዱ ተኝቶ እጁን ሲያሾልክ አባባ እጁን ያዘው። አባባ ከወገቡ በታች ድንጋይ ተጭኖበታል። ኮቫች አጠገቡ ነበር፤ ቀድሞ አርፏል። አባባ አእምሮው አልሳተም። ስለ ዊላርድ ጠየቀ፣ መውጣቱን ሲሰማ ጎሽ አለ። ከዚያ፣ ኮርዲ እላይ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። እያለቀሰች ነው ወይ? አብዳለች ወይ? የጨነቀው ይህ ብቻ ነበር። ኸርሸል ያን ዳቦ ከደረቱ አውጥቶ በቀዳዳው ሰጠው። አባባ በጨለማ ዳሰሰው፣ አሸተተው። «ይቺ የኮርዲ ናት» አለ። ኸርሸልም ሁላችንንም እያበላችን ነው አለው። አባባ «እንግዲያው ደህና ናት» አለ። ከዚያ እያኘከ አወራው። አንዱንም ፍርፋሪ አላስቀረም፣ ይላል ኸርሸል።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ትናንሽ ጠጠር መንጠባጠብ ጀመረ። አባባ ያንን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል። ኸርሸልን ሂድ አለው። ኸርሸል አልሄድም አለ፣ እጁንም አልለቅ አለው። አባባ እጁን ነጠቀው። «ልጄን ባል እንዳታሳጣት። ሂድ ብያለሁ» አለው፤ ኸርሸል እንደሚለው እንዲያ ተቆጥቶ አይቶት አያውቅም። ኸርሸል ተሳበ። የእንጨት ድጋፎቹን ገና እንዳለፈ ጣሪያው ወረደ።

ይህን ሲነግራት እንደ ሕፃን ልጅ ያለቅስ ነበር፤ ትቼው መጣሁ፣ ትቼው መጣሁ ይላል። እማማ መርፌውን ካልሲው ላይ እንደሰካች እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ሲሰጠው ዳቦው ቀዝቅዞ ነበር?» አለችው። ኸርሸል «የለም፣ እማማ፤ ደረቴ ላይ ነበር የያዝኩት» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ሾርባ ቀዳችለትና ጨርሶ እስኪበላ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

ይኸው ነው፣ ሮስኮ። እናታችን ባሏ ሲሞት ዳቦ ጋግራለች። አባታችን በልቶት ነው የሞተው፤ እሷ ደህና መሆኗን ያወቀውም በዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊጥ አልነካችም። ትልቁን ሳህን ቁም ሣጥኑ ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍታዋለች፤ የምንበላው የሱቁን ዳቦ ነው። ቤቱም የኩባንያው ነው እንጂ ቤታችን አይደለም። የሚሠራ ወንድ የሌለበት ቤት በወሩ መጨረሻ ይለቀቅ ብለዋል፤ ስለዚህ እማማን ወደ እኛ ልናመጣት ነው። ኢሎና ወዴት እንደምትሄድ ገና አላወቀችም። ከእኛ ጋር እንድትሆን እማማ ለምናት ነበር፤ ጥግ አለችን ብዬ እኔም ነግሬያታለሁ። በእናንተ ፋብሪካ ለኸርሸል የሚሆን ቦታ ካለ እባክህ ጠይቅልን፤ ምንም ዓይነት ሥራ ቢሆን፣ ከመሬት በላይ ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት ከፖስታ ቤት ስመለስ እማማ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ እንደደከመ ታውቃለህ፣ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። ሮስኮ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ርሶ ስለነበር የደብዳቤው ቀለም ተበላሽቷል አልኳትና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ያነበብሽውን ንገሪኝ አለችኝ። እኔም፣ ብርዱን እንዴት ያዝሽው ይላል፣ ናፍቀሽኛል ይላል፣ በፋሲካ እመጣለሁ ይላል አልኳት። ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ። ዛሬም ሁለት ጊዜ አስነገረችኝ። ወንድሜ፣ እኔ የዋሸሁላትን አንተ ጻፍላት። በትልልቁ ፊደል ጻፈው፣ ራሷ እንድታነበው።

ፍሎራን በእኔ ስም ሳማት፣ ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ። ኤቨረትንም ሰላም በለው፤ አትጣላው፣ እሱም የሰማውን ነው የተናገረው። አክስታችን ሉላ ሰላም ብላሃለች፤ ትናንት መጥታ ከእማማ ጋር ቁጭ ብላ ዋለች። ኢሎና ኮቫችም ሰላም ትልሃለች። ጁን አጎቴን ስሚልኝ ብላለች። እማማ ጣቱን በጨርቅ ሸፍኖ ይሥራ በይው ትላለች። ኸርሸልም ሰላም ብሎሃል። ነገ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ የመደቡት ዋሻው ውስጥ አባባ ይሠራበት ከነበረው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው።

እህትህ ኔልዳ

ፔነር ክሪክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
እሑድ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1950